የደብረ ወርቅ ውርጭና የጓሮ ዓሣ

በታኅሣሥ አጋማሽ ደብረ ወርቅ ብትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሰማዩ ነው። አንዲት ደመና አታዩበትም። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሹራብ ያስወልቃል፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማው ተለቅልቆ ውቂያ ይጠብቃል። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ግን ነገሩ ይለወጣል። ጋቢ ያልደረበ ሰው እጁን ብብቱ ሥር ይሸጉጣል፤ ልጆች ምድጃ ዳር ይሰበሰባሉ። ብርዱ የበረታ ሌሊት ካለፈ ደግሞ ጠዋት ረባዳው መስክ ላይ ሣሩ አመዳይ አርፎበት ይገኛል።

ዛሬ የማወጋችሁ በዚህ ብርድ መሃል ስለሚያድር አንድ እንግዳ ነው፤ ስለ ጓሮ ኩሬ ዓሣ።

«ዓሣና ደጋ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛቸው እኛው ነን። ብዙዎቻችን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ ወይም በሞጣ ዙሪያ የወላጆች ግቢ አለን፤ ገናን ወይም ጥምቀትን ለማክበር ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን። ልጆቹ ከተማ ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ያዩትን ወርቃማ ዓሣ አያቶቻቸው ግቢ ቢያገኙት ደስታቸው ወሰን የለውም። ጉድጓዱም አንዳንዱ ግቢ ውስጥ ቀድሞ ተቆፍሯል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም በዘመቻ የቤተሰብ ኩሬ ሲቆፈር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከነዚያ ኩሬዎች አንዱ ባዶውን ቆሞ ስታዩ «ዓሣ ብንጨምርበትስ?» ማለታችሁ አይቀርም።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘብ ወጥቶበት፣ ልጆች ስም አውጥተውለት፣ በመጀመሪያው ታኅሣሥ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ቢንሳፈፍ ኀዘኑ የቤተሰብ ሁሉ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንስማማ፦ ደጋ ላይ ዓሣ ማኖር ይቻላል፤ ብርዱን ማሸነፍ ግን አይቻልም። የሚያዋጣው ሲቆፈር ብዙ መድከም፣ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ እጅን መሰብሰብ ነው።

መንገዱ ራሱ ያስተምራችኋል

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ደጋ ላይ ናችሁ። ከዚያ የዓባይ በረሃ ይጀምራል። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወርድ መስኮት ትከፍታላችሁ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ልጆቹ ጃኬታቸውን ጥለዋል። ደጀን ስትወጡ ያንኑ ጃኬት ፈልገው ይለብሱታል። ከወንዙ እስከ አፋፉ ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከደጀን ወደ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ በ2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትጓዛላችሁ፤ በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ይህን ልብ በሉት፤ ለዓሣው ነገር ዋናው ቁልፍ ነውና። የጣና ሐይቅ ያለው በ1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ የተገኘ የዓሣ ጫጩት ወደ ደብረ ወርቅ ሲሄድ 700 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በአማካይ አራት ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ያጣል ማለት ነው። ሰው ጋቢ ይደርባል፤ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ይለብሳል። ዓሣ ግን የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ውኃው 15 ዲግሪ ከሆነ የዓሣውም አካል ወደ 15 ዲግሪ ነው። ልቡም፣ ትንፋሹም፣ ምግብ መፍጨቱም በዚያው ልክ ይዘገያል።

ብርዱ ክረምት ላይ አይደለም

ስለ ጓሮ ኩሬ የተጻፉ የውጭ አገር መመሪያዎች ካነበባችሁ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ። እነሱ «ክረምት» የሚሉት በረዶ የሚጥልበትን ወቅት ነው። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፤ ደመናው ግን እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ሌሊት እንዳይበንን ይይዘዋል። የእኛ ውርጭ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ በሚቆጠርበት ሌሊት። መሬትና ውኃ ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት በጠራው ሰማይ በኩል ያጡታል።

ሌላም ልዩነት አለ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ኩሬው ላዩ በግግር ይዘጋል። ባለቤቶቹ የሚጨነቁት ከሥር የሚፈጠረው መጥፎ አየር መውጫ እንዳያጣ ነው፤ ስለዚህ ትኩስ ውኃ የያዘ ድስት ግግሩ ላይ አስቀምጠው ቀዳዳ ይከፍታሉ። በመዶሻ አይመቱትም፤ ንዝረቱ ዓሣውን ይጎዳዋልና። ለጌጥ የሚረባው ኮይ በተገኘባት በጃፓኗ ኒጋታ ደግሞ አርቢዎች በረዶው ከመምጣቱ በፊት ዓሣቸውን ከተራራው ኩሬ አውጥተው ቤት ውስጥ ወዳለ ገንዳ ያዛውራሉ። ደብረ ወርቅ ላይ የሚያሰጋው የግግር ክዳን አይደለም። የሚያሰጋው ጥልቀት የሌለው ውኃ ሌሊት በሌሊት እየቀዘቀዘ መሄዱ፣ ቀን ደግሞ በፀሐይ ቶሎ መሞቁ ነው። ይህ መዋዠቅ ዓሣውን ያደክመዋል።

የትኛው ዓሣ ይችለዋል?

በጣና ዳር ሰው አፍ ላይ ያለው ቆሮሶ ለምግብ ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን የሞቀ ውኃ ልጅ ነው። የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለ ውኃ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይዘገያል፣ መራባቱን ያቆማል፤ ወደ 16 ሲወርድ መብላት ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። አምባዛም ሙቀት ይወዳል። እነዚህን ደብረ ወርቅ ላይ ማኖር የሚፈልግ ሰው ጥልቅ ኩሬ፣ የሌሊት ክዳንና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ካርፕ ግን ሌላ ነው። የሚያድገው እሱም ሞቅ ባለ ውኃ ቢሆንም ጥቂት ዲግሪ ብቻ ያለውን ብርድ ሳይቀር ተቋቁሞ ያልፋል። ልጆች የሚወዱት ጎልድፊሽና የካርፕ ዘር የሆነው ኮይም እንዲሁ ናቸው። ለዓይን ደስታ ከሆነ ኩሬው የሚቆፈረው፣ ለደብረ ወርቅ የሚስማማው ይኸው ወርቃማ ዓሣ ነው።

ትራውትስ? ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቆ ተላምዷል። ነገር ግን የሚፈልገው የማያቋርጥ፣ ንጹሕና አየር የሞላበት ወራጅ ውኃ ነው፤ ቆሞ ለሚውል የጓሮ ኩሬ አይሆንም።

ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ወደ አዲስ አበባ ቅርብ ለሆናችሁ ደግሞ ሰበታ ያለው ብሔራዊ ማዕከል አለላችሁ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሰልችቷችሁም ቢሆን የጓሮ ዓሣችሁን ወንዝ ወይም ምንጭ ውስጥ አትልቀቁ። ከጮቄ የሚፈልቀው ውኃ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በወንዙ የኖሩት የአገሩ ዓሦች ከመጤ ጋር ምግብና መፈልፈያ ይሻማሉ። ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ አትርሱ።

ጥልቀት ለኩሬ ጋቢው ነው

በግብይት ሙያ ስለምሠራ ማንኛውንም ነገር በወጪና በትርፍ መመዘን ይቀናኛል። በደጋ ኩሬ ላይ የምታወጡት ገንዘብ ሁሉ የሚመዘነው በጥልቀቱ ነው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ኩሬ አስቡ። 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጠልቅ 3.6 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 1 ሜትር ከ20 ቢጠልቅ 14.4 ሜትር ኩብ። ሌሊት ሙቀት የሚያጣበት የላዩ ስፋት ግን በሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ ጥልቁ ኩሬ በአንድ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ከጥልቀት የለሹ ወደ ሩብ ተጠግቶ ነው። ዓሣውም ብርዱ ሲበረታ ወደ ታች ወርዶ የሚጠለልበት ቦታ ያገኛል።

ቦታ ስትመርጡ ደግሞ የአገሬውን ገበሬ ጠይቁ፤ ውርጭ የት እንደሚያርፍ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ኩሬው ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ ይልቅ ተዳፋቱ መሃል ላይ ቢሆን ይሻላል። ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በኩሬው በስተደቡብ በኩል ግንብም ዛፍም አይቁም። በደብረ ወርቅ ኬክሮስ ሁለት ሜትር የሚረዝም አጥር በዚያ ወር ቀትር ላይ ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ30 ገደማ ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ይረዝማል። ለኩሬ ይህ ብዙ ነው። ባሕር ዛፍም ራቅ ይበል። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አጥር። ከአንድ ሜትር በላይ የጠለቀ ውኃ ለሕፃን ሞት ነው። ዓሣው ሳይገባ ቁልፍ ያለው በር ይግባለት፤ ከከተማ የመጡ ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ኩሬው ዳር አይድረሱ።

በብርዱ ወራት ምን እናድርግ?

ዝግጅቱ የሚጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ያመጣውን ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ውኃው ገና ሞቅ ሳለ በእርጋታ አውጡ። ኅዳር ከገባ በኋላ የኩሬውን ታች መበጥበጥ ይቅር፤ ዓሣው የተጠለለበት ቦታ ያ ነው።

ሁለተኛ፣ ቴርሞሜትር ግዙ። ጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ለኩ። የታችኛውን ውኃ ለማወቅ ጠርሙስ ላይ ድንጋይና ገመድ እሰሩ፤ ውኃ ሞልታችሁ ወደ ታች አውርዱት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አውጡና ወዲያው ለኩት። የሁለት ሳምንቱን ልኬት ደብተር ላይ ስትጽፉ የኩሬያችሁን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ይህን ሥራ ለልጆች ስጧቸው፤ ከትልቅ ሰው ጋር ሆነው ይለኩ፣ ይጻፉ። የገና ዕረፍታቸው ትምህርት ይሆናል።

ሦስተኛው ለብዙ ሰው ከባድ ነው፦ ምግብ መቀነስ። እንግዳን «ብሉልኝ፣ ጨምሩልኝ» እያልን ያደግን ሰዎች የራበው የሚመስል ዓሣ ማየት አያስችለንም። ነገር ግን ውኃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው ሆድ አይፈጭም። ያልተበላ ፉርሽካና ፋጉሎ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ ውኃውን ይመርዛል፤ ኦክስጅኑንም ይጨርሰዋል። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የምግቡን መጠን በግማሽ ቀንሱ። ቆሮሶ ከሆነ 16 ዲግሪ ላይ አቁሙ። ካርፕና ጎልድፊሽ ከዚያም በታች ጥቂት ጥቂት ይቀምሳሉ፤ 10 ዲግሪ ላይ እነሱም ይቁሙ። ስትመግቡም ውኃው በሚሞቅበት ሰዓት፣ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የማያልቅ ምግብ አትጨምሩ። ምሽት ላይ ፈጽሞ አትመግቡ።

አራተኛ፣ ሌሊት አልብሱት። ፀሐይ ስትጠልቅ በእንጨት ርብራብ ላይ ሰሌን ወይም ፕላስቲክ ዘርጉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አንሡት። አየር መግቢያ እንዲኖረው ዳሩ ላይ ክፍት ቦታ ይተው። ይህ ቀላል ክዳን ሙቀቱ በጠራው ሰማይ እንዳይበንን ያግዛል።

አምስተኛ፣ ውኃ ከጎደለ በአንድ ጊዜ አትሙሉት። ድንገተኛ ለውጥ ከብርዱ ይልቅ ይጎዳል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በበርሜል አንድ ቀን አሳድሩት፤ ቀትር ላይም በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩት። «እናሙቀው» ብሎ የፈላ ውኃ መገልበጥ ዓሣውን መግደል ነው። አዲስ ዓሣ በፌስታል ይዛችሁ ከመጣችሁ ፌስታሉን እንደታሰረ ኩሬው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አንሳፉት፤ የሁለቱ ውኃ ሙቀት ሲቀራረብ ልቀቁት። ከተቻለ ግን አዲስ ዓሣ በታኅሣሥ አታምጡ፤ የካቲት ወይም መጋቢት ይሻላል።

ስድስተኛ፣ አትያዙት። ዓሣው በብርድ ወራት ሰውነቱ ስለሚዳከም መረብ የላጠው ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ቁስሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል። ዓሣ አዳኝ ወፍ ግን ይህን ወቅት ይወደዋል፤ የቀዘቀዘ ዓሣ ፈጥኖ አያመልጥምና። ኩሬው ላይ ቀን ቀን መረብ ይወጠርበት።

ጾሙና ገበያው

ለምግብ ለምታረቡ ደግሞ አንድ የገበያ ነገር ልንገራችሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ይዘልቃል። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤት አለ፣ የማይበላም አለ፤ በሚበላው ቤት ግን ዓሣ የሚፈለገው ያኔ ነው። ጾሙና ውርጩ በአንድ ወቅት መገናኘታቸውን አያችሁ? ፈላጊው ሲበዛ የደጋው ዓሣ ማደጉን አቁሟል። «ሲወፍር እናወጣዋለን» ብሎ ከኅዳር እስከ ጥር የሚጠብቅ ሰው ምግብ ያባክናል፤ ዓሣው ግን አይጨምርለትም።

ስለዚህ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ሥሩት። ለቆላ ኩሬ «በስምንት ወር ይደርሳል» የተባለ ዓሣ ከስምንቱ ሦስቱ ብርድ ላይ ከዋሉ ለእድገት የቀረው አምስት ወር ነው፤ ያውም ውኃው በቀሩት ወራት እንደ ቆላ ሳይሞቅ። የደረሰውን ከውርጩ በፊት በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጊዜ አውጡት። ኩሬው ውስጥ የሚቀረው ሲያንስ ለክፉው ወቅት የሚበቃ ኦክስጅንና ቦታ ይኖረዋል። የቀረው እስከ ጸደይ ሳይነካ ይረፍ።

ስትሄዱ

መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ከደረሳችሁ በኋላ ኩሬ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የደብረ ወርቅ ማርያም ገዳም፣ ቅዱስ ሉቃስ እንደሣላት በትውፊት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል የምትገኝበት ቅዱስ ቦታ ነው። አካባቢው የቅኔ አገር ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ይኸው ነው። ማለዳ ተነሥታችሁ ደበሎ የለበሱትን ተማሪዎች ብታዩ ደጋ ሰውን ብርድ እንዴት እንደሚያስችል ትረዳላችሁ።

ለልጆቻችሁም ይህን ንገሯቸው። ጠዋት ሮጠው ሄደው ዓሣውን ታች ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ ሲያዩት «ሞተ!» ብለው ይደነግጡ ይሆናል። ጠጠር እንዳይወረውሩበት፣ በእንጨት እንዳይነካኩት ከልክሏቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ውኃውን ሲነካው፣ አብራችኋቸው ተመልሳችሁ ቁሙ። ጭራውን ቀስ አድርጎ ሲያወዛውዝ ያዩታል። ያን ዕለት ምግብ አይሰጡትም፤ ቴርሞሜትሩን አንብበው ደብተራቸው ላይ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ የሰሌኑን ክዳን ለማታው አዘጋጅተው ወደ ቤት ይገባሉ።